«ቡናው ደኅና ነው፣ ወረቀቱ ታሟል»

ይድረስ፦ በኢትዮጵያ ላሉ ንግድ ባንኮች የውጭ ንግድ ሰነድ ምርመራ ክፍሎች
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ ለኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን
ጉዳዩ፦ በኤልሲ የሚቀርቡ የቡና ሰነዶች አመራመርን ይመለከታል



ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር የሆኑ አባት ቴፒ ወዳለችው ቢሮዬ መጡ። ወንበር ብስብላቸውም አልተቀመጡም። «ልጄ፣ ቡናችን ደረጃ ወጥቶለታል፤ ታሽጓል፤ መርከብ ላይ ወጥቷል። አሁን ደግሞ ባንኩ ወረቀቱ ችግር አለበት አለን። ቡናው ደኅና ሆኖ ወረቀቱ እንዴት ይታመማል?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ መመለስ ያለብኝ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ በአንድ ባንክ የውጭ ንግድ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሰነድ ስመረምር ኖሬ ነው ወደ ተወለድኩበት ከተማ የተመለስኩት። አሁን በየኪ ወረዳና በአካባቢው ላሉ ቡና ላኪዎችና ማኅበራት ሰነድ አዘጋጃለሁ። የመርማሪውንም የአቅራቢውንም ወንበር ስለማውቅ ነው ይህን ደብዳቤ ለእናንተ በግልጽ መጻፍ የመረጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭነቱ አንድ ኮንቴይነር ነበር፤ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በድምሩ 19,200 ኪሎ ያልታጠበ የቴፒ ቡና። ኤልሲው፣ ማለትም የገዢው ባንክ ሰነዱ ሲሟላ ለመክፈል የገባው ቃል፣ የመጣው አዲስ አበባ ባለ አንድ ባንክ በኩል ሲሆን ሰነዱም እዚያው እንዲቀርብ ይፈቅዳል። የማቅረቢያው ጊዜ ቡናው ከተጫነበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው። ማኅበሩ ሰነዱን በ9ኛው ቀን አስገባ። በ12ኛው ቀን ተመለሰ። ምክንያቱም ኤልሲው ላይ የማኅበሩ አድራሻ «ደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ሲል ኢንቮይሱ ላይ «ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል» ይላል የሚል ነበር። ተስተካክሎ ገባ። ቀጥሎ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱ «ጥሬ ቡና» ብቻ ይላል፣ «ቴፒ ደረጃ 4» አይልም ተብሎ ተመለሰ። እሱም በስንት ልመና ተቀይሮ ገባ። በ20ኛው ቀን ሦስተኛው መጣ፤ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ቴፒ በላቲን ፊደል በሁለት «ፒ» ተጽፏል፣ ኤልሲው ላይ ግን በአንድ ነው። ፓኪንግ ሊስቱ ከቴፒ ታርሞ፣ ተፈርሞ፣ ተጉዞ ሲደርስ 23ኛው ቀን ሆነ።

ሰነዱ ያኔ ውጭ ወዳለው ባንክ ተላከ። የውጭው ባንክ አድራሻውን አላነሳም። የጤና ሰርተፍኬቱንም፣ የቴፒን ፊደልም አላነሳም። አንድ ነገር ብቻ አነሳ፦ ዘግይቶ ቀርቧል። የአዲስ አበባው ባንክ በሽፋን ደብዳቤው ላይ ያሰፈረው የመጨረሻውን የማቅረቢያ ቀን ነበርና እውነቱን ነው። በወቅቱ ኒው ዮርክ ላይ የአረቢካ ዋጋ በየካቲት 2017 ዓ.ም. በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ታሪክ ከሠራ በኋላ ቁልቁል ይሄድ ነበር። ገዢው ሰነዱን የምቀበለው ዋጋ ከቀነሳችሁ ነው አለ። ማኅበሩ ቀነሰ። ቡናው ባሕር ላይ እያለ ሌላ ገዢ ከየት ይመጣል? የዲስክሬፓንሲ (የሰነድ ጉድለት) ክፍያውም ከዚያው ላይ በዶላር ተቆረጠ።

አሁን እነዚያን ሦስት «ስህተቶች» ሁላችንም በምንሠራበት ደንብ እንያቸው። ዩሲፒ 600 ፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2007 ጀምሮ የሚሠራበት፣ 39 አንቀጾች ያሉት ደንብ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1933 ወጣ፤ ይኸኛው የብዙ ማሻሻያ ውጤት ነው። አንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ «ጄ» የላኪና የገዢ አድራሻ በኤልሲውም ሆነ በሌላ ሰነድ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን እንደማያስፈልገው ይናገራል፤ በአንድ አገር ውስጥ መሆኑ ይበቃል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የገዢው አድራሻ በማጓጓዣ ሰነድ ላይ የተቀባይ ወይም የተጠሪ ዝርዝር አካል ሆኖ ሲገባ ነው። እኛ ከደቡብ ክልል ወጥተን በደቡብ ምዕራብ ክልል የተደራጀነው ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የኛ ላኪዎች ግማሽ ወረቀት የድሮውን፣ ግማሽ ወረቀት የአዲሱን ክልል ስም ይዟል። ይህን ማስተካከል ዓመታትን ይፈጃል። የክልል ስም ስለተቀየረ ሰነድ የሚመለስ ከሆነ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ከፋ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ በሙሉ ኤልሲ ሊጠቀሙ አይችሉም ማለት ነው።

ሁለተኛውን የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ «ኢ» ይመልሰዋል። ከኢንቮይሱ ውጪ ባሉ ሰነዶች ላይ ዕቃው በጥቅል ስም ቢጠራ፣ በኤልሲው ካለው መግለጫ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ይበቃል። ለዕፅዋት ጤና ባለሙያው የሚታየው ነቀዝና ሻጋታ ነው። ደረጃው 4 ይሁን 5 የሱ ሥራ አይደለም። «ጥሬ ቡና» ብሎ መጻፉ ትክክል ነበር።

ሦስተኛው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ለኛ አገር የሚብሰው እሱ ነው። ከዩሲፒ ጎን ለጎን የሚነበበው የዓለም አቀፍ ባንኮች የአመራመር ልምድ፣ አይኤስቢፒ የምንለው፣ የቃሉን ትርጉም የማይቀይር የፊደል ግድፈት ሰነድን ጎዶሎ እንደማያደርግ ይናገራል። ምሳሌውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «ማሽን» በእንግሊዝኛ በተሳሳተ ፊደል ቢጻፍ አያስመልስም፤ «ሞዴል 321» የሚለው «ሞዴል 123» ተብሎ ቢጻፍ ግን ያስመልሳል። እንግሊዛዊ በገዛ ቋንቋው ሲሳሳት ይህ ምሕረት ከተሰጠው፣ በገዛ ፊደሉ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ያለው ነገር ግን ወደ ላቲን ሲገለበጥ ሦስትና አራት መልክ የሚይዝ ስም ያለን ሰዎችማ ይበልጥ ይገባናል። ቴፒ በአማርኛ ቴፒ ነው። በላቲን በአንድ «ፒ»ም በሁለትም ይጻፋል። ከፋን በአንድ «ኤፍ»፣ በሁለት «ኤፍ»፣ በ«ኤ»፣ በ«ኢ» ሲጽፉት አይቻለሁ። ሚዛን ተፈሪ የሚለው ሰነድ አለ፤ ሚዛን አማን የሚለው አለ። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ»፣ «ቀ» በላቲን ቤት የላቸውም፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ የመሰለውን ያደርጋል። የአንድ ሊቀመንበር ስም በንግድ ፈቃድ፣ በፓስፖርትና በባንክ ፊርማ ካርድ ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ አግኝቻለሁ።

እንግዲህ መርማሪ ሊጠይቅ የሚገባው «ፊደሉ አንድ ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። አንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ «ዲ» ያለውም ይህንኑ ነው። በሰነዱ ያለው መረጃ አንድ ዓይነት መሆን አያስፈልገውም፣ መጋጨት ግን የለበትም። ቴፒ በሁለት «ፒ» ቢጻፍ ሌላ ቴፒ አይወጣም። የኮንቴይነር ቁጥር ላይ ግን አንዲት አኃዝ ብትሳሳት ሌላ ኮንቴይነር ይወጣል፤ የሎት ቁጥርም እንዲሁ። እዚያ ላይ ጨክኑ። ሰነዱ ቢመለስብንም አናማርርም፤ እኛው ነን የምናጠፋው።

ወዳጆቼ፣ ደኅና ሰነድ ለምን እንደሚመለስ አውቃለሁ። ምክንያቱ አለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥልጠና ይበቃው ነበር። በእናንተ ወንበር ላይ ሆኜ ከተማርኳቸው ነገሮች የከበደኝ ይህ ነው፦ ጎዶሎ ሰነድ አሳልፎ የውጭው ባንክ ሲይዘው መርማሪው ይጠየቃል፣ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ በግምገማ ይነሳበታል። ደኅና ሰነድ የመለሰን መርማሪ ግን ማንም አይጠይቀውም። እንዲያውም «ጠንቃቃ» ይባላል። ከሱ በላይ ያለው አረጋጋጭም «መርማሪው አንዴ ካነሳው» ብሎ ይፈርማል። በደኅና ሰነድ መመለስ የሚመጣው ኪሳራ በባንኩ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ቴፒ ላይ፣ ጀማሪ ማኅበር ላይ፣ ጀንፈል በዱቤ ባስረከበ ገበሬ ላይ ነው የሚታየው። እኔ ራሴ ስንት እንዲህ ያለ ሰነድ እንደመለስኩ ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ያኔ እነዚያ ላኪዎች ለምን እንደሚያመሹ፣ ለምን እንደሚለምኑ አይገባኝም ነበር። አሁን እኔ ነኝ የማመሸው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ቀሪው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር፦ ያለ አግባብ የተመለሰ ሰነድን እንደ ስህተት ቁጠሩ። ጎዶሎ ሰነድ ያሳለፈ መርማሪ የሚመዘገብበት መዝገብ ካላችሁ፣ ደኅና ሰነድ የመለሰም እዚያው ላይ ይመዝገብ። ላኪው «ይህ በደንቡ ዲስክሬፓንሲ አይደለም» ብሎ አንቀጽ ጠቅሶ ሲጽፍላችሁ የሚያይ፣ በዚያው ቀን የሚመልስ አንድ ከፍ ያለ ባለሙያ ይሰየም። ብሔራዊ ባንክም የባንኮችን የውጭ ንግድ አገልግሎት ሲመረምር ይህን መዝገብ ይጠይቅ። ዩሲፒ 600 ሲዘጋጅ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ፣ በኤልሲ ከሚቀርቡ ሰነዶች 70 በመቶ ገደማ በመጀመሪያ ማቅረቢያቸው በዲስክሬፓንሲ ምክንያት ይመለሱ እንደነበር የሚያሳይ ጥናት ነበር፤ ይህንን በመግቢያው ላይ ታገኙታላችሁ። ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። በኛ አገር ግን ቡናው ከባንኩ የሚርቀው መንገድ ይረዝማል፣ ሰነድ የማረሚያው ቀን ደግሞ ያጥራል።

ሁለተኛው ከዚሁ ይወለዳል። ለሰነድ ምርመራ የተሰጠው ከፍተኛው ጊዜ ሰነዱ ከቀረበበት ማግስት ጀምሮ አምስት የባንክ ሥራ ቀን ነው። በድሮው ዩሲፒ 500 እስከ ሰባት ቀን ነበር። አንቀጽ 16 ደግሞ ክፍያ አልፈጽምም የሚል ባንክ አንድ ማስታወቂያ ብቻ እንዲሰጥ፣ በዚያው ላይም ያገኘውን ጉድለት እያንዳንዱን እንዲዘረዝር ያዝዛል። በጊዜው ያላነሳውን በኋላ ሊያነሳ አይችልም። ይህ ውጭ ያለውን ባንክ ብቻ አይመለከትም፤ በኤልሲው ተሰይሞ በዚያ መሠረት የሚሠራውን የአገር ውስጥ ባንክም ይመለከታል። ባንካችሁ ሰነድ አስተላላፊ ብቻ ሆኖ ደንቡ በጥሬው የማይዘው ቢሆን እንኳ፣ ዛሬ አንድ ጉድለት፣ ነገ አንድ፣ ከነገ ወዲያ አንድ እያሉ መንገር ሰውን በሦስት ቀጠሮ ማመላለስ ነው። ሰነዱን አንዴ ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። ያገኛችሁትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፉልን። ከቴፒ አዲስ አበባ በጅማ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ፤ እሱም ኤልሲው የደረሰበት ቀን ነው። ባንኩ ኤልሲ ሲደርሰው ፎቶ ኮፒ አድርጎ «ደርሷል» ይልና ያስረክባል። ኤልሲው የሚመጣበት የስዊፍት መልእክት፣ ኤምቲ 700፣ በእንግሊዝኛ፣ በቁጥር በተሰየሙ መስመሮች የተሞላ ነው። ከዚያ ወረቀት ላይ ገንዘቡን የሚወስኑት አምስትና ስድስት መስመሮች ናቸው። 44ሲ የመጨረሻውን የመጫኛ ቀን ይናገራል፤ 45ኤ ዕቃውን፤ 46ኤ የሚፈለጉትን ሰነዶች፤ 47ኤ ተጨማሪ ሁኔታዎችን፤ 48 የማቅረቢያ ቀኑን። 31ዲ ደግሞ ኤልሲው መቼ እንደሚያበቃ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያበቃ ይናገራል። ይቺን «የት» የሚያይ ላኪ ብዙ አላጋጠመኝም። ማብቂያው አዲስ አበባ ከሆነ ሰነዱን አዲስ አበባ ማስገባት ይበቃል። ማብቂያው የውጭው ባንክ መስኮት ከሆነ ግን ሰነዱ እዚያ ድረስ በጊዜው መድረስ አለበት፤ የፖስታው ቀን ከላኪው ይቀነሳል።

ቡና ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። አንቀጽ 30 መጠኑ በክብደት ሲነገር 5 በመቶ መብለጥም ማነስም ይፈቅዳል፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ከኤልሲው እንዳያልፍ ብቻ ነው። ኤልሲው ግን «320 ጆንያ» ብሎ በማሸጊያ ቁጥር ከተናገረ ይህ ምሕረት የለም። አንድ ጆንያ ተቀዳ ብትወድቅና 319 ቢጫን ሰነዱ ጎዶሎ ሊባል ይችላል። «19.2 ሜትሪክ ቶን» ብቻ ቢል ኖሮ ያቺ ጆንያ ምንም አታመጣም ነበር። ይህን በመጣበት ቀን ላኪው ቢያውቅ ለገዢው በአንድ መልእክት «የጆንያውን ቁጥር አውጣልን» ይል ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «በገዢው ወኪል የተፈረመ የጥራት ማረጋገጫ» የሚል መስመር ነው። ወኪሉ ካልፈረመ ክፍያ የለም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ኤልሲ ከዋስትና ይልቅ ለገዢው ቃል ይቀርባል። በአንጻሩ ሰነድ ሳይጠቅስ «ቡናው ከሸካ ጫካ የተለቀመ መሆን አለበት» የሚል ሁኔታ ቢገባ፣ ባንኮች እንዳልተጻፈ እንዲቆጥሩት ደንቡ ራሱ ይላል። ላኪው ይህን ሳያውቅ ለማይጠየቅበት ነገር ማስረጃ ፍለጋ ወደ ሸካ ዞን ከተማ ማሻ ይመላለሳል።

ስለዚህ ሦስተኛው ልመናዬ ኤልሲው በደረሰ ቀን ከላኪው ጋር በአማርኛ እንድታነቡት ነው። በስልክም ቢሆን ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓት ነው። ሰነዱም ገና ቡናው ሳይጫን በረቂቁ ይታይ፤ ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ በኢሜይል ይምጡላችሁ። ቢል ኦፍ ሎዲንግ ጅቡቲ ላይ መርከብ ከወጣ በኋላ ነው የሚሰጠው፤ እሱን መጠበቅ ግድ ነው። ቀሪው ግን ቀድሞ ሊጸዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ የመርከብ ቀን መያዝ ምን ያህል እንደከበደ ታውቃላችሁ። የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ሲቃረብ፣ ቀን ማስለወጫው ጊዜ ቡናው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከመድረሱ በፊት ነው።

ይህን የምለው የኛን ጥፋት ልሸፍን አይደለም። ያለፈውን ዓመት ኢንቮይስ ገልብጠው ቀኑን ብቻ የሚቀይሩ ላኪዎች አሉን። ከወረዳ የወጣ ደብዳቤ በኛ አቆጣጠር ቀን ተጽፎበት በዚያው ሰነድ መሃል ይገባል። የውጭው ባንክ 2017 የሚለውን አይቶ ከስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው ቢል ልንወቅሰው አንችልም። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ውል ሳያነቡ ይፈርሙና፣ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ውሉን ረስተው ሌላ ገዢ የሚፈልጉም አሉን። መርማሪ የሚጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰነድ ሊዋሽ እንደሚችልም አውቃለሁ። አንቀጽ 5 ባንኮች የሚገናኙት ከሰነድ ጋር እንጂ ከዕቃ ጋር አይደለም ይላል። ይህ በጥሬው ምን ማለት እንደሆነ የኢትዮጵያ ቡና እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ላይ በመራራ መንገድ አይቶታል። ከኛ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ተገኘ፤ ምንጩም ቡናው ሳይሆን የታሸገበት ጆንያ እንደሆነ ተደረሰበት። የጃፓን ገበያ ወዲያው ቀዘቀዘ። ሰነድ ሁሉ የተሟላ ሆኖ ዕቃው ሊታመም ይችላል ማለት ነው። የቴፒው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። መርማሪ ጆንያውን ሊከፍተው አይችልም፤ ያ የቡናና ሻይ ባለሥልጣንና የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የመርማሪ ሥራ ወረቀቱን በደንቡ ማንበብ ነው፤ ያንን ደግሞ ከደንቡ አልፎ ማጥበቅ የቡናውን ጥራት አንድ ግራም አይጨምርም።

ሰነድ በማይረባ ምክንያት በተመለሰ ቁጥር ደግሞ ላኪው ከኤልሲ እየሸሸ ወደ ሲኤዲ (ገንዘብ በሰነድ ልውውጥ) ይሄዳል። በሲኤዲ ባንክ ሰነድ ያስተላልፋል እንጂ አይመረምርም፤ ክፍያው በገዢው ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። «ኤልሲ ከጣጣው ይቅርብን» ሲሉኝ ምን እንደምመልስ ይጨንቀኛል። በአዲስ አበባ ኤልሲ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ዕቃ ለማስገባት የዶላር ወረፋ መያዝ ነው። ለላኪ ግን ኤልሲ የማያውቀውን ገዢ የሚያምንበት መንገድ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 መንገዱን ካሰፋ ወዲህ ከዚህ አካባቢ ራሳቸው መላክ የጀመሩት፣ ውጭ አገር የሚያውቁት ሰው የሌላቸው ናቸው። ትልቁ ነጋዴ ገዢውን በስሙ ይጠራዋል፤ እነዚህ ያላቸው ወረቀቱ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ቦታ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ባንክ ወደ ቡናው ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ባንካችን፣ የዚያ ዘመኑ የአቢሲኒያ ባንክ፣ ጎሬና ደምቢ ዶሎ ቅርንጫፍ፣ ጋምቤላም ወኪል ነበረው። የዚህ አገር ቡና በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይወርድ ስለነበር ነው። ያኔ ባንኩ ቡናው ያለበት ሄዶ ወረቀቱን አየ። ዛሬ ቴፒ ዋና መንገድ ዳር የባንክ ሰሌዳ ተደርድሯል። ገንዘብ ታስገባለህ፣ ታወጣለህ፣ ትልካለህ። ኤልሲ ይዘህ ብትገባ ግን «ይህ አዲስ አበባ ነው» ትባላለህ። በየቅርንጫፉ ሰነድ መርማሪ ይቀመጥ አልልም፤ ያ አይቻልም። ከሚዛንና ከቴፒ ቅርንጫፎች አንድ ሁለት ወጣቶችን ብቻ መርጣችሁ አሠልጥኑ። ሲዲሲኤስ የሚባለውን የሰነድ ክሬዲት ባለሙያ ፈተና እንዲወስዱ እርዷቸው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው ያለው፤ ደንቡን የሚማር ወጣት እዚህ አይጠፋም።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። በ2017 በጀት ዓመት አገራችን ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ምክር ቤቱ በታኅሣሥ 2017 ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል፤ እነሱ ሲመጡ ሰነድ በሁለት ቀን የሚጨርሱ መርማሪዎች ይዘው ይመጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን የሚመለከተው ሕግ የሚጀምርበት ቀን ደጋግሞ ቢገፋም፣ ሲጀምር ቡና የበቀለበትን መሬት መገኛ ነጥብ ይጠይቃል። ሸካ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበ ጫካ ስላለው ይህ ሕግ እኛን ሊጠቅመን ይችላል። ግን ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ አጻጻፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ዛሬ በአንድ «ፒ» የምንጣላ ከሆነ ነገ በሺህ ማሳ መገኛ ነጥብ ምን ልንሆን ነው?

እኚያ የማኅበሩ ሊቀመንበር የሆኑ አባት ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥተውብኛል። የመጀመሪያው ገንዘቡ ስንት እንደደረሰ ለመጠየቅ ነበር፤ ነገርኳቸው፤ ዝም ብለው ወጡ። ሁለተኛው ባለፈው ወር ነው። ማኅበሩ ዘንድሮም ቡናውን ሰብስቧል፤ ከሌላ ገዢ ጋር ተዋውሏል፤ ክፍያው በኤልሲ ነው። ኤልሲው በቅርቡ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከእናንተ ውስጥ በየትኛችሁ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ አላውቅም። በመጣበት ቀን ደውሉልን፤ አብረን እናንብበው።

ከአክብሮት ጋር
ሰነድ አዘጋጅ፣ የቀድሞ ሰነድ መርማሪ
ቴፒ፣ ሸካ ዞን